ዘይቱን ማን ይቀይር ነበር?

ባለፈው እሑድ የግቢያችን ነዋሪዎች ስብሰባ ነበር። አጀንዳው ሦስት ነው ተብለን ነው የተጠራነው፤ ውሃ፣ ቆሻሻና “ልዩ ልዩ”። ከዕድሜ የተማርኩት ነገር ቢኖር በስብሰባ ላይ ሰው የሚጎዳው ሁልጊዜ “ልዩ ልዩ” ላይ መሆኑን ነው። እንደፈራሁትም ሆነ። ውሃው በአሥር ደቂቃ፣ ቆሻሻው በሩብ ሰዓት አለቀና ሊቀ መንበራችን ጉሮሯቸውን ጠርገው “የሣር ማጨጃችን ሞተር ነክሷል፤ መካኒኩ አይቶታል፤ በዘይት ጉድለት ነው ብሏል። ስለዚህ ኮሚቴው የወጪው ግማሽ ከጥበቃው ደመወዝ በየወሩ እየተቆረጠ ይከፈል ብሎ ወስኗል። የሚቃወም አለ?” አሉ።

አባባ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው፤ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። የሚቃወም ሰው አልነበረም። ሰዓቱ መሽቷል፣ ኳስ አለ፣ ልጆች ይጠብቃሉ። እኔ እጄን አወጣሁ። አወጣሁ እንጂ ምን እንደምል አላወቅሁም ነበርና “ለሁለት ሳምንት ይቆይልን” ብዬ ብቻ ተቀመጥኩ። እነሆ ያልተናገርኩትን ልጻፈው።

በመጀመሪያ ኑዛዜ። ያ ማሽን በሰኔ 2015 ዓ.ም. ሲገዛ የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ደረሰኙንም፣ ከካርቶኑ ውስጥ የወጣችውን ትንሽ መጽሐፍም “ፋይል ይደረግ” ብዬ የወሰድኩት እኔው ነኝ። መጽሐፏ የት ነበረች? ሦስት ክረምት ሙሉ የእኔ መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ የባትሪ ድንጋዮችና ከአንድ የማይሠራ ሪሞት ጋር! ስብሰባው እንዳለቀ ሄጄ አወጣኋት። እንኳን ልትነበብ ከላስቲኳ አልወጣችም።

ገጹን ስገልጥ ፊቴ ቀላ። ከመጀመሪያዎቹ 5 የሥራ ሰዓታት በኋላ ዘይቱን ቀይሩ ትላለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ በየ50 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቀድሞ በደረሰው። አለቀ። ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መጽሐፏ መሳቢያ ውስጥ አለመሆኗ ነበር።

እስቲ ክረምቱን እንቁጠረው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ 15 ሳምንት ነው። አባባ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ያጭዳሉ። 90 ሰዓት ማለት ነው። በሦስት ክረምት 270። መጽሐፏ እንዳለችው ቢሆን ዘይቱ ስድስት ጊዜ ያህል መቀየር ነበረበት። ስንት ጊዜ ተቀየረ? ምንም። ከፋብሪካ መጥቶ ያኔ የተሞላው ዘይት ነው፣ በላዩ ላይ እየተጨመረበት፣ ሦስት ክረምት ያገለገለው።

አሁን ሊቀ መንበራችን መኪና አላቸው። እግዜር ይባርክላቸው፣ ንጹሕ መኪና ነው። መስታወቱ ላይ የዘይት መቀየሪያዋ ካርድ ተለጥፋለች፤ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ አንድ ቀን አያሳድሩም። እኔም እንደዚያው ነኝ። እንግዲህ 270 ሰዓት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሄዱበት ስንት ይመጣል? 13,500 ኪሎ ሜትር። ያውም የመኪና ሞተር አራት ሊትር ገደማ ዘይት ይይዛል፤ ዘይቱን የሚያጠራ ፊልትሮ አለው፣ የሚገፋ ፖምፓ አለው፣ ውሃ ያቀዘቅዘዋል። ያቺ ምስኪን የሣር ማጨጃ ግን? ሆዷ የሚይዘው ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፤ አንዲት ትንሽ ሃይላንድ ማለት ነው። ፊልትሮ የላትም። የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ብቻ ነው፤ እሱም ክንፎቿ በሣርና በአቧራ ካልተደፈኑ። ከሆዷ ውስጥ የሚሽከረከር ማንኪያ መሰል ነገር ዘይቱን እየጨለፈ ወደ ቢየላውና ወደ ሲሊንደሩ ይረጨዋል። ያ ነው ቅባቷ። በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ ያህል ትዞራለች፤ በሰከንድ ሃምሳ። ከብረቱ የሚፋቀው ብናኝ፣ በፋሻው በኩል የሚያልፈው ጭስና ቤንዚን፣ ከላይ የሚገባው አቧራ፣ ሁሉም እዚያችው ግማሽ ሊትር ውስጥ ይከማቻል። የሚያወጣው ነገር የለም፤ ካላፈሰሱት በቀር። ታዲያ መጨመር መቀየር አይደለም! በቆሸሸ ድስት ላይ ንጹሕ ውሃ ቢጨምሩበት ድስቱ ታጠበ ይባላል?

ስድስቱ ቅያሬ ቢደመር ሦስት ሊትር ዘይት ነው። የሦስት ዓመቱ ሁሉ፣ ልብ በሉ፣ ለሊቀ መንበራችን መኪና አንድ ጊዜ የሚገባውን አያህልም።

“ጥበቃው ለምን አልተናገረም?” ያሉ ጎረቤት ነበሩ። ይሄኛው ነው ያንገበገበኝ። ተናግረዋል። ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ በወጣችበት ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስወጣ “ልጄ፣ የማሽኑ ዘይት እንደ ጥላሸት ጠቁሯል፤ ሽታውም ልክ አይደለም” አሉኝ። እኔስ ምን አልኩ? “እሺ አባባ፣ እናያለን።” ወይ “እናያለን”! ይህቺ ቃል ስንት ንብረት፣ ስንት ሰው በልታለች። ማየት የምንችለው ጉዳይ ሁሉ “እናያለን” በተባለ ማግስት ከዓይናችን ይጠፋል። ገንዘብ ያዣችንም ጋ ሄደው ነበር፤ “ይሠራል አይደል እንዴ?” ተባሉ። ይሠራል። እውነት ነው፤ እስኪነክስ ድረስ ይሠራል። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ቀስ ብሎ አያዝንም፤ ዝም፣ ዝም ይልና አንድ ቀን ቀጥ ይላል።

ከዚያ በኋላማ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ያወቀው ሰው (እኔ) መጽሐፉን ቆልፎ ተቀመጠ፤ ብሩን የያዙት ሰዎች ማሽኑ አጠገብ ደርሰው አያውቁም፤ ማሽኑን የሚገፉት ሰው ነግረው ሰሚ አጡ። ዕዳው የወጣው ግን በሦስተኛው ስም ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ አይደለም?

ሕግም አለ እኮ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ እንደፈለገ ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ አይችልም ይላል፤ በሕግ ወይም በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ። ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። “ኮሚቴው ወስኗል” የሚል ነገር እዚያ ውስጥ አላየሁም። አባባ ይህን አዋጅ አያውቁትም፤ ቢያውቁትም ከሚኖሩበት የበር ክፍል ላይ ሆነው አይከራከሩበትም። ስለዚህ እኛ ስናውቀው ነው ትርጉም ያለው።

አሁን ወደ ሰፊው ነገር ልሂድ፤ የእኛ ሣር ማጨጃ አንድ ማሽን ብቻ ስለሆነች አይደለም እንዲህ የምጮኸው። በየሱቁ ደጃፍ የሚንደቀደቁትን ትንንሽ ጄነሬተሮች አስታውሱ። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ በሆነበት ጊዜ ከፀጉር ቤት እስከ ፎቶ ኮፒ ቤት ጄነሬተር ያልገዛ አልነበረም። ብዙዎቹ ዘይታቸው ሲጎድል ራሳቸውን የሚያጠፉበት መሣሪያ ተገጥሞላቸዋል። ጥሩ ነገር ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል መሰላችሁ? ጄነሬተሩ በሥራ መሐል እየጠፋ “ሲያስቸግር” ሠራተኛው መካኒክ ይጠራል፤ አንዳንዱ መካኒክ ደግሞ ዘይት በመሙላት ፈንታ ሽቦዋን ይቆርጣታል። ከዚያ በኋላ አይጠፋም። ለሁለት ሳምንት አይጠፋም፤ ከዚያ ለዘላለም ይጠፋል። ባለቤቱም “የቻይና ዕቃ!” ብሎ ይራገማል። ምስክሩን አፉን ዘግተን ስናበቃ ለምን አልነገርከኝም እንደማለት ነው።

የባሰው ከከተማ ውጭ ነው። በመቂና በዝዋይ በኩል በበጋ ያለፈ ሰው የውሃ ፓምፖቹን ድምፅ ያውቀዋል። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚበላው ውሃ በእነሱ ጉሮሮ ነው የሚያልፈው። በብዛት በምናያቸው የቤንዚን ሞተሮች መመሪያ ላይ “በየስድስት ወሩ ወይም በየ100 ሰዓቱ” የሚል አለ። ሰው “ስድስት ወር” የሚለውን ያነብና ይረጋጋል። ፓምፑ በቀን ስምንት ሰዓት ከሠራ ግን 100 ሰዓት የሚሞላው በ13ኛው ቀን ነው! ስድስት ወር የተባለው ላልሠራ ማሽን ነው። ይህን ለገበሬው የነገረው ማን ነው? ፓምፕ ሲከፋፈል ሥነ ሥርዓት አለ፣ ሪባን አለ፣ ካሜራ አለ። አንድ ሊትር ዘይት ግን በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ አይገባም። ሽንኩርቱ አቁርቶ ባለበት ሳምንት ሞተሩ ከነከሰ ደግሞ መለዋወጫ እስኪገኝ የሚጠብቅ ተክል የለም። የሚደርቀው ሽንኩርት፣ የሚቀረው ብድር።

“ባህላችን ነው፤ ሐበሻ መገንባት እንጂ መጠበቅ አያውቅም” የሚሉኝ የተማሩ ወዳጆች አሉኝ። ይህን አባባል አልወደውም፤ ስንፍናን ወደ አያት ቅድመ አያት ማሳለፍ ነው። እስቲ ማእድ ቤት ግቡ። የእንጀራ ምጣድ ሳይታሰስ ይጋገርበታል? በየጋገሩት ቁጥር ጎመን ዘር ነስንሰው፣ በማሰሻ ጨርቅ አብሰው፣ ምጣዱን ያለሰልሱታል። ሰዓት ቆጣሪ የለ፣ መመሪያ የለ። እናቴ አንድ ምጣድ ስንት ዓመት እንደተጠቀመችበት እኔ አላውቅም፤ እኔን ያሳደገው እንጀራ ከእሱ ላይ እንደወጣ ግን አውቃለሁ። ያውም የቅባት እህል ነው እኮ! ዘይት ነው! ገጠር ሂዱ ደግሞ፣ የወፍጮ ቤት ሊስተር ሞተር እዩ። ድምፁ ከጋራው ማዶ የሚሰማ፣ ዕድሜው ከባለቤቱ ልጆች የሚበልጥ። ወፍጮኛው ዘይቱን በጣቱ ነክቶ፣ አሽትቶ ያውቀዋል። ለምን? እንጀራው ነዋ። ሞተሩ ሲቆም ልጆቹ እራት እንደማይበሉ ያውቃል፤ የሚገዛው ዘይት ብርም በራሱ ኪስ ነው ያለው። ስለዚህ ነገሩ የባህል አይደለም። እጅና ኪስ በአንድ ሰው ላይ ሲሆኑ ዘይት ይቀየራል። እጁ የአንዱ፣ ኪሱ የሌላው፣ መጽሐፉ የሦስተኛው ሲሆን ሞተር ይነክሳል። እኛ ደግሞ ማኅበር፣ መሥሪያ ቤት፣ ፕሮጀክት ስንባል ይህንኑ መለያየት ነው አሠራር ብለን የምንጠራው። ቋንቋችንን ስሙት፤ “ጥገና” ስንል የተበላሸን ማዳን ማለታችን ነው። ከመበላሸቱ በፊት ያለው ሥራ ስም የለውም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ በጀት ጠይቆ አያገኝም።

በተቃራኒ ወገን ያሉትንም ልስማቸው። አሜሪካ የሚኖር የአጎቴ ልጅ በስልክ ስነግረው ሳቀብኝ። “እኔ ስምንት ዓመት አልቀየርኩም፤ አሁንም ያጭዳል” አለ። አምነዋለሁ። የእሱ ጓሮ ግን በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው፤ ሣሩ በሚበቅልበት ወራት ሁሉ ቢደመር በዓመት 15 ሰዓት ገደማ። በስምንት ዓመት የሠራው እኛ በአንድ ክረምት ተኩል ከሠራነው አይበልጥም። በዚያ ላይ በዓመት አንድ ጊዜ የሚለውን ስላለፈ ዕድለኛ ነው እንጂ ትክክል አይደለም። “ዘይት መቀየር የማያስፈልገው ሞተር ወጥቷል” የሚልም አለ። እሱም ውሸት አይደለም፤ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን የተባለው የታወቀ አምራች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለአንዳንድ የሣር ማጨጃ ሞተሮቹ “እያያችሁ ጨምሩ እንጂ አትቀይሩ” ብሏል። ለእነዚያ ሞተሮች ብቻ ነው ያለው፣ የእኛ ከእነሱ አይደለችም፤ “እያያችሁ” የሚለውም ቃል አልተሰረዘም። ማን ነው የሚያየው?

የባትሪ ማሽን ይመጣል፣ ዘይትም ይቀራል የሚሉም አሉ። ይምጣ! ካሊፎርኒያ ከ2024 እ.ኤ.አ. የሞዴል ዓመት ጀምሮ ለአብዛኞቹ አዳዲስ ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች በሩን ዘግታለች። እኛም የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለም ሰነበተ። ደስ ይለኛል። ግን ባትሪም አያያዝ አለው፤ ሙቀት አይወድም፣ ባዶውን ከርሞ አይወድም። በመሳቢያ ውስጥ የሚቆለፍ መጽሐፍም ይዞ ይመጣል። እኔን የመሰለ ጸሐፊ ካለ ባትሪውም ከነክብሩ ይሞታል፣ አባባም እንደገና ይከሰሳሉ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ በሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ከአባባ ደመወዝ አንድ ሳንቲም አይቆረጥም። ወጪው ከማኅበሩ ይከፈል፤ አይሆንም ከተባለ ከእኔ ይጀመር፣ መሳቢያው የእኔ ነውና። ከዚህ በኋላ በየማሽኑ ላይ አንዲት ደብተር ትንጠልጠል፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይጻፍባት፤ ዘይት መግዣ ብር ደግሞ ማሽኑን ከሚነዳው ሰው እጅ ይሁን፣ ደረሰኝ ያምጣ። ሊቀ መንበራችን “ዘበኛ ላይ ብር?” ብለው እንደሚደነግጡ ይታየኛል። ግቢውን፣ ቤታችንንና ልጆቻችንን ሌሊቱን ሙሉ የሰጠናቸው ሰው ላይ የአንድ ሊትር ዘይት ብር ማመን ካቃተን ችግሩ የሞተር አይደለም።

ቅዳሜ ዕለት ከአባባ ጋር የውሃ ፓምፑን ጄነሬተር ከፈትነው። እሱስ በማን ይሻላል? ያቺው ኮሚቴ ነው የገዛችው። ለአምስት ደቂቃ አስነስተን አሞቅነው (ዘይት ሲሞቅ ነው ቆሻሻውን ይዞ የሚወርደው)፣ አጠፋነው፣ ከሥሩ ያለችውን ቡሎን በቁልፍ ፈታን። የወረደው ነገር ዘይት ለመባል ያፍራል። አባባ ጣታቸውን ነክረው ወደ ፀሐይ አነሡት፤ የብረት ብናኝ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ምንም አላሉም። “አየህ?” እንኳን አላሉኝም፤ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲሱን ሞላን፤ መለኪያዋን አውጥተን፣ ጠርገን፣ መልሰን ለካን። እኔ መጽሐፉን እየተረጎምኩ አነባለሁ፣ እሳቸው ይሠራሉ። ሰዓቱን በደብተር ላይ በራሳቸው እጅ ጻፉት፤ ጽሑፋቸው ከእኔ ያምራል። ከዚያ ጥቁሩን ዘይት በሃይላንድ ሞልተው ይዘው “ይሄን የት ልድፋው?” አሉኝ።

በልጅነቴ አባቴ የአጥር እንጨት ለምስጥ እንዲህ ያለ ዘይት ይቀባ ነበር። ብዙ ጋራዥ ወደ ቦይ ይለቀዋል፤ ቦዩ ወደ ወንዝ፣ ወንዙ ወደ አቃቂ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከአንድ መኪና የሚወጣ የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል ይላል፤ ወደ 3.8 ሚሊዮን ሊትር መሆኑ ነው። አባባ ሃይላንዱን እንደያዙ ይጠብቁኛል።

“እናያ…” ልል ነበር። ዋጥኩት። የማውቀው ጋራዥ በርሜል አለው፣ ሰኞ ጠዋት ይዤ እሄዳለሁ አልኳቸው። ሃይላንዱ አሁን ደጃፌ ላይ ነው፤ ልጆች ጠጅ እንዳይመስላቸው “የተቃጠለ ዘይት” ብዬ ጽፌበታለሁ።